በር የሌለው ሳጥን

ሰኔ 3፣ ሰኞ

የመጀመሪያውን ሲሙሌሽን፣ ጋዝን በኮምፒዩተር የማስመሰል ሥራዬን፣ ዛሬ አስነሣሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ፈነዳ። ብዙ መቶ ኳሶችን አንድ ሳጥን ውስጥ እንደ መጣልኝ በተንኩና የማስነሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ አንዴ ብልጭ አሉ፣ ከዚያ የሉም። በቦታቸው የቀረው ቁጥር ይሁን ዝባዝንኬ የማይለይ ነገር ነው።

የምርምር አማካሪዬ በዕድሜ ታናሽ እህቴን ብታክል ነው። ድምጿን ከፍ ስታደርግ የሰማ ሰው የለም፤ እኔ በሆዴ «በረዶዋ» እላታለሁ። መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«አንዱን ኳስ ሌላው ላይ አስቀምጠውታል» አለችኝ። አንቱታዋ አይቀርም። «ሲቀራረቡ የሚገፋፉበት ኃይል በጣም ትልቅ ነው። ፍንዳታውን አይዩ፣ መጀመሪያ እንዴት እንዳስቀመጧቸው ይዩ።»

እኔ ዕድሜዬን ለጎረምሳ ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ክረምቱ ሳያልቅ የሚሠራ ሲሙሌሽን ካላሳየሁ ቀልጬ ቀረሁ። ይሄን ሁሉ እያወቀች ቆማ ስታርመኝ እጄ ቀደመኝ። ማውሱ ተሰበረ። ድሮም የተሰነጠቀ ማውስ ነው።

ለሥራው ሌላ ደብተር አለኝ። እዚህ የምጽፈው የሚያንገበግበኝን ነው።

ሰኔ 5

በጥድፊያ። ኳሶቹን እንደ ሰልፍ ተማሪ በመደዳ አቆምኳቸው። አልፈነዱም። ግን ይሞቃሉ። ማንም ሳይነካቸው ፍጥነታቸው ይጨምራል። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።

ቤት ስገባ ራት አልደረሰም። የቁም ሳጥኑ መስታወት ተሰበረ። ሚጢጢ፣ ልጃችን፣ ስብርባሪውን ረገጠች፤ ትንሽ ነው የቆረጣት። ባለቤቴ ፋርማሲ ስለምትሠራ ቤታችን ፋሻ አይታጣም። እግሯን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ከእኔ በላይ ማን ሊራራላት።

ሰኔ 9፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ ስሠራ ሚጢጢ መጥታ ክርኔ ሥር ተወሸቀች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስታወራ ፉጨት ትጨምርበታለች።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የጋዝ ቅንጣቶች። ኳስ በያቸው።»

«ለምንድን ነው የሚጋጩት?»

«ስለሚሯሯጡ።»

«ተናደው ነው?»

ሳቄ መጣ። ቁጣ የሚባል ነገር አያውቁም፣ ያላቸው ሕግ ብቻ ነው አልኳት። አንዷን ምረጪና የራስሽ አድርጊያት ስላት ብዙ አየችና ጣቷን ስክሪኑ ጫፍ ላይ አሳረፈች። «ይቺ። ጥግ ጥጉን የምትሄደዋ።»

ጥግ የሚባል እንደሌለ አስረዳኋት። ሳጥናችን ትንሽ ስለሆነ ማለቂያ የሌለው ለማስመሰል ዘዴ አለን፤ በቀኝ የወጣ በግራ ተመልሶ ይገባል፣ በላይ የወጣ በታች። ጣቷን ሳታነሣ ኳሷን ተከተለች። ኳሷ በቀኝ በኩል ወጣች፣ በግራ በኩል ገባች። እንደገና ወጣች፣ እንደገና ገባች።

«እና መውጣት አይችሉም?»

«አይችሉም።»

«በር አድርግላቸዋ።»

«በር ካደረግኩላቸው ሁሉም ያልቃሉ። ከዚያ ምኑን አየዋለሁ?»

ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ አንተ ስትተኛ ይውጡ» አለችኝ።

እንዲህ ደስ የሚል ሰዓት ላይ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና «እስቲ ተዋት፣ የቤት ሥራዋን አልጨረሰችም» አለች። ቃሉ አይደለም፣ አባባሏ ነው። ልጄን ሳጫውት እንደ ሌባ! ሳህኑ ግድግዳው ላይ ነው ያረፈው፤ ማንንም አልነካም። ከታች የምትኖረዋ ጎረቤታችን ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ስትደበድብ ቆየች። በሰንበት እንኳ ለሰው ሰላም አትሰጥም።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ፈተና ስቆጣጠር አንድ ጎረምሳ ሳቀብኝ። እጄ ቀደመኝ። አፍንጫው ደማ፣ የመልስ ወረቀቱ ተበላሸ። ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስገብቶኝ በሩን ዘጋና «ወንድሜ፣ ይሄ ድሮ ቀረ እኮ» አለኝ። ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቅፈው ትከሻው እንደ እንጨት ነበር።

ቀኑን ሙሉ ራሴን ስረግም ዋልኩ። ግን እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ክፉ ሰው እንዲህ አያንገበግበውም። አባቴ ለምሳሌ ደብድቦን ሲያበቃ ፊቱን ታጥቦ ምሳውን ይበላ ነበር።

ሰኔ 19

ተገላገልኩ! ኳሶቹ እንዳይሞቁ የሚያደርግ ነገር አገኘሁ። የሙቀት መቆጣጠሪያ ይሉታል። በየእርምጃው ሙቀቱን ይለካል፤ ከተፈለገው ካለፈ የሁሉንም ፍጥነት ዝቅ ያደርጋል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ባበራሁት ሰዓት ግራፉ እንደ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ቤትም እንዲሁ ነው። ሰሞኑን ድምፄን አላነሣሁም። ሲመጣብኝ በረንዳ ወጥቼ እቆማለሁ፣ እስኪበርድልኝ። ለሚጢጢ ጫማ ገዛሁላት፣ ለባለቤቴ የአንገት ልብስ። «አመሰግናለሁ» አለችኝ፤ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው። ቢሆንም ቤቱ ሰላም ነው። ትላንት አንድ ክፉ ቃል አልተሰማም፤ ኧረ ደግ ቃልም አልተሰማም፣ ዝም ዝም ነው የሆነው።

ሚጢጢ አዲሱን ጫማ አድርጋ በእግሯ ጣቶች ትሄዳለች። ጠበበሽ እንዴ ስላት «አይ፣ ድምፅ እንዳያሰማብህ ነው» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ።

ሰኔ 24

ገፋኋት እንጂ አልመታኋትም። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ።

ዛሬ ማለዳ እየዘነበ ነበር። ወደ ሥራ ስንወጣ ደረጃው አናት ላይ ባለቤቴ «ክረምቱን ከሚጢጢ ጋር ወንድሜ ቤት ብናሳልፍስ?» አለችኝ። ደረጃ ላይ! ጎረቤት ጆሮውን ከበሩ ለጥፎ በሚያዳምጥበት! ምን ጎደለሽ አልኳት። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ደረጃው እርጥብ ነበር። ስትወድቅ እጇ ከሥሯ ገባ፤ ማስመሪያ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ተሸክሜ ያወረድኳት እኔ ነኝ። ታክሲ የለመንኩት እኔ ነኝ። ዝናቡ ሲወርድብኝ ኮቴን አውልቄ ያለበስኳት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ልጅ ነው።

«ምን ሆነው ነው?»

«አዳልጦኝ» አለች።

ልጁ እሷን አየ፣ እኔን አየ። «እርስዎ አንዴ ውጭ ይጠብቁን» አለኝ። ባሏ እኮ ነኝ ብለው፣ «ገብቶኛል» አለ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጀሶ አድርገውላት ስትወጣ «ሁለተኛ አይለመደኝም» አልኳት። «እሺ» አለች። በልጄ ይዤሻለሁ አልኳት። «እሺ።» ይሄ እሺታዋ ነው የሚያበግነኝ።

ስንመለስ የታችኛዋ ጎረቤት በሯ ላይ ከሴት ጓደኛዋ ጋር ቆማለች። «ዛሬ ደግሞ እጅ ላይ ደረሰ?» ስትል ጆሮዬ ገባ። ሲያዩን ዝም አሉ።

ሰኔ 28

በረዶዋ ግራፌን አየች። «በጣም ያምራል» አለች። ልቤ በደስታ ሞላ። ቀጥላ «አሁን መቆጣጠሪያውን አጥፍተው ያሳዩኝ» አለችኝ።

«ለምን?»

«አጥፍተው ያሳዩኝ።»

አጠፋሁት። ኢነርጂው ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ኳሶቹ መጀመሪያ ተንቀጠቀጡ፣ ቀጥሎ መተራመስ፣ ከዚያ ያው የመጀመሪያው ቀን ፍንዳታ። ሁለታችንም ቆመን አየነው።

«ሙቀቱ ግን ልክ ነበር» አልኳት።

«ልክ ነበር፣ ትርፉን በየእርምጃው ስለሚጠርጉት። ስህተቱ ግን አንድ ጊዜም አልቆመም። የጊዜ እርምጃዎ፣ ከአንዱ ስሌት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ፣ ሰፊ ነው። ኳሱ ሌላው መቅረቡን ሳያውቅ ዘሎ እላዩ ላይ ይወጣል። የሚገፋው ኃይል የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ልክ የለውም። በትንሽ በትንሹ ቢያስሄዱት ቀድሞ ይሰማው ነበር።»

ወንበሩን ያነሣሁት ልወረውረው አልነበረም። መስኮቱ ግን ረገፈ። በረዶዋ ፋይሏን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ በሩ በጀርባዋ ሸሸች፤ ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። የት እንደማውቀው መጻፍ አልፈልግም።

«የቀረውን ከቤት ሆነው ይሥሩ» አለች። «እዚህ ክፍል እንዳይመለሱ።» ድምጿ ያኔም ከፍ አላለም፤ ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ።

ሐምሌ 2

በአንድ ዓይኔ ነው የምጽፈው።

የባለቤቴ ወንድም በያጅ ነው። ቃል ይቆጥባል፤ ክንዱ የእኔን ጭን ያክላል። ለሚጢጢ ከአሮጌ ብረት ብስክሌት ሠርቶላት ይዞ መጣ። የእህቱን ጀሶ አየ። ምን ሆነሽ ነው አላለም። ብስክሌቱን ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈና አንገቴን ያዘኝ።

መጀመሪያ ሆዴን፣ ከዚያ ፊቴን። ስወድቅ ጎኔን በጫማው ደጋገመኝ። አፌ ደም ሞላ፤ ስተፋ ምንጣፉ ተበላሸ። በገዛ ቤቴ! በገዛ ምንጣፌ ላይ! ጮህኩ፣ አዎ፣ አላፍርም፣ ጮህኩ። የታችኛዋ ጎረቤት ዛሬ ጣሪያዋን አልደበደበችም።

ሚጢጢ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታያለች። አላለቀሰችም። አባዬን ተወው አላለችም። ሲጨርስ ተነሥታ በብርጭቆ ውሃ አመጣች። እጄን ዘረጋሁ። ለአጎቷ ነበር ያመጣችው።

«ሁለተኛ ብትነካት እዚሁ እቀብርሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ «ተነሺ፣ እንሂድ» አላት። እሷ ግን «እጄ ከጀሶ እስኪወጣ ጠብቀኝ» አለችው። ይቅር ብላኛለች ማለት ነው። ያልጠላ ልብ ነው እንዲህ የሚያናግራት።

ሐምሌ 9

የጊዜ እርምጃውን አሳነስኩ። ኮምፒዩተሩ ይንፏቀቃል። ሳል ሲመጣብኝ ጎድኔ ይወጋኛል።

መቆጣጠሪያው ጠፍቷል። እስካሁን አልፈነዳም።

ባለቤቴን በአንድ እጇ ልብስ ስታጥፍ አያታለሁ። የምታገኘውን ሁሉ ታጥፋለች። የሚጢጢን ሹራብ፣ የራሷን፣ የክረምቱን፣ የበጋውንም። ድሮም ጽዱ ሴት ናት።

ሐምሌ 17

ልጻፈው።

ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ በክረምት ባዶ በሆነው መምህራን ክፍል ሆኜ፣ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ያለ መቆጣጠሪያ፣ ያለ ምንም ድጋፍ፣ ኢነርጂው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኳሶቹ ይጋጫሉ፣ ይለያያሉ፣ አንዱም ከልኩ አያልፍም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ የሚያምር ነገር ሠርቼ አላውቅም። ለማን ልንገር? ለሚጢጢ እንጂ ለማን። በዝናብ ሮጥኩ። የቤታችንን ደረጃ ሦስት ሦስቱን እየዘለልኩ ወጣሁት። በሩን በትከሻዬ ከፈትኩና «ሚጢጢ!» ብዬ ጮህኩ። በደስታ ነው የጮህኩት። በደስታ!

ባለቤቴ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፣ ጤነኛ እጇን መቃኑ ላይ ዘርግታ፣ እንዳላልፍ።

«የት አለች?»

«ምን አደረግንህ?» አለችኝ።

«ተሳክቶልኝ ነው እኮ! የት አለች?»

ያኔ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ስትተነፍስ ሰማኋት። ያቺ ጥርስ የሌላት ፉጨት። ስሮጥ ኮቴዬን ሰምታ ተደብቃለች። እኔ ደስታዬን ይዤ ስመጣ እንደ ጅብ ይሸሹኛል! ደሜ ፈላ። ባለቤቴን ወደ ጎን ገፋ አደረግኳት። «ውጪ! ተሳካልኝ ነው የምልሽ፣ ውጪ!» ሚጢጢ የቁም ሳጥኑን በር ከውስጥ ይዛዋለች። በእነዚያ ጣቶቿ፣ በሙሉ ኃይሏ። ጎተትኩት። ማጠፊያው ድሮም የላላ ነው። በሩ ተነቅሎ ሲመጣ እሷም አልለቀቀችውም፤ አብራው መጣች። አፏ የአልጋው ብረት ላይ አረፈ። ገና ብቅ ብቅ ያሉት የፊት ጥርሶቿ።

ባለቤቴ በጀሶዋ ጭንቅላቴን መታችኝ። ድምፅ አላወጣችም፣ ትመታኛለች ብቻ፣ ጀሶው እስኪሰነጠቅ። ግንባሬ ተተረተረ። አንሶላው ላይ ያለው ደም የእኔ ይሁን የልጄ አላውቅም።

ሚጢጢ አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ በጣቶቿ መካከል ደሙ እየወረደ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይቅርታ አባዬ» አለችኝ። «ሁለተኛ አይለመደኝም።»

ሐምሌ 18

ሄዱ። ሻንጣው አልጋው ሥር ተዘጋጅቶ ነበር። ያ ሁሉ ሲታጠፍ የከረመ ልብስ።

ሐምሌ 23

በሩን አልቆልፍም። ዓምናም ሄዳ ተመልሳለች፣ ከዚያም በፊት። የወጣ ተመልሶ ይገባል። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ።

ዛሬ የታችኛዋ ጎረቤት ናት። «ለካ እንቅልፍ እንዲህ ይጣፍጣል» እያለች ለአንዱ ስታወራ አለፈች።

በረዶዋ ውጤቴን አይታ መልስ ላከች። «ትክክል ነው» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ይሄን ቃል ለመስማት ነበር ክረምቱን ሙሉ የተቃጠልኩት። ምንም አልተሰማኝም። ሆድ ባሰኝ እንጂ።

ቁም ሳጥኑን ልጠግን ሞከርኩ። ውስጡ፣ ወለሉ ላይ፣ ትራስ ተነጥፏል። ትራሱ መሃል ለመሃል ጎድጎድ ብሏል። የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ትራሱን ሳላነሣው ተውኩት።

ሐምሌ 29፣ ከሰዓት በኋላ

ላፕቶፑን ከፈትኩ። የሚወጣውን ኳስ በሌላ በኩል የሚመልሰው አንድ መስመር ነው፤ «ከሳጥኑ ካለፈ ወደ ማዶው ጫፍ መልሰው» ይላል። ያን ቀን ለሚጢጢ መውጣት አይችሉም ስላት የተፈጥሮ ሕግ አስመስዬ ነው የነገርኳት። ሕግ አይደለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰረዝኩትና አስነሣሁት።

መጀመሪያ ጥግ ጥጉን የሚሄዱት ወጡ። ቀጥሎ ፈጣኖቹ። የቀሩት የሚጋጩት ሰው እያነሰ ሲሄድ ቀጥ ባለ መስመር እየተጓዙ አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጠፉ። አንዱም ተመልሶ አልገባም።

በያጁ ጋ ደወልኩ። ይዘጋብኛል ብዬ ነበር። «አንድ ቃል ክፉ ብትናገር ዘጋሁት» አለኝ። ሚጢጢን ስጠኝ አልኩት። ከዚያ ፉጨቷን ሰማሁ።

«አባዬ?»

«በር አደረግኩላቸው፣ ለኳሶቹ።»

ከኋላ የብረት መቁረጫ ይጮሃል።

«ወጡ?»

«ወጡ።»

«ሁሉም?»

ስክሪኑን አየሁ። «አንዱ ቀርቷል። መሃል ላይ ነው። የሚገፋው ስለሌለ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። እሱም በኋላ ይወጣ ይሆናል።»

«የት ይሄዳል?»

«እንጃ። ሌሎቹ የሄዱበት።»

ቶሎ ቶሎ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አጠገቧ ያለ ሰው እንዳይሰማት እንደምትፈራ ሆና ተናገረች።

«አይ አባዬ። እሱ እዚያው ይቅር። በሩን ዝጋበት።»

«እሺ» አልኳት።

ስልኩ ሲዘጋ ተነሥቼ የቤቱን በር ከውስጥ ቆለፍኩት።